ባሕር ዳር ለመኖር ትሆናለች ወይ? አንድ ጥያቄ ያስነሳው ሙግት

ጠያቂው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይሠራል። ሚስት አለችው፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅም አለችው። የቤት ኪራዩ አንገፍግፎታል፤ የሐምሌ ብርዱና የታክሲ ሰልፉም እንዲሁ። ፀሐይ ያለባት፣ ውሃ ዳር የተቀመጠች፣ ጠዋት ወጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ ቤቱ የሚመለስባት ትንሽ ከተማ እየፈለገ ነው። ባሕር ዳርን ሰርግ ተጠርቶ አይቷታል፣ ልቡም እዚያው ቀርቷል። እና ለመኖርስ ትሆናለች ወይ ብሎ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጠየቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አምስት ስድስት መልስ አግኝቶ በሰላም ያድር ነበር። ግን አንድ መስመር ጨመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ይዞ አሸዋ ላይ የሚጋደምበትና የሚዋኝበት ዳርቻ ለየትኛው ሰፈር እንደሚቀርብ ንገሩኝ አለ።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አሁንም ቤቴ አባይ ማዶ ነው። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ መሀል ላይም ገባሁበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ ያን ሁሉ መልስ የሚያነብ ትዕግሥት ግን ብዙ ሰው የለውም። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በአጭሩ ላስቀምጥ። (በአጭሩ ያልኩት ምኞቴ ነው።)

1ኛዋ መልስ ሰጪ የከተማዋ ነዋሪ ነች። ወንድምዓለም ብላ ነው የተቀበለችው። ዘንባባ የተተከለበትን ሰፊ ጎዳና አነሳች፣ ማለዳ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ አነሳች። አመሻሽ ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ አባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ማየት ብቻውን እንደሚያኖር ጻፈች። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች መኪና ትቶ ብስክሌት እንዲገዛ መከረችው። ደግ መልስ ነው። 2ኛው እሱም እስማማለሁ ብሎ አለፈ፤ ግን መንገዱ አንዳንዴ ስለሚዘጋ በመኪና ከመነሳቱ በፊት ደውሎ እንዲያጣራ፣ ካልሆነም በአውሮፕላን እንዲመጣ አከለ። በዚህ ዘመን ይህን ሳይሉ ማለፍ አይቻልም።

3ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሰውየው አሸዋ የሚባል ነገር የለም አለ፣ በቃ። የጣና ደቡባዊ ዳርቻ ጭቃ፣ ጥቁር ድንጋይና ደንገል ነው። መዋኘት ያማረው ሰው ገንዳ ያለው ሆቴል ይፈልግ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሕፃን ይዞ እዚያ መንቦጫረቅ ጤነኛ ሐሳብ አይደለም። አነጋገሩ ደረቅ ነበር፣ ግን የተናገረው አንድም ውሸት የለውም።

4ኛው ተቆጣ። በዘጠናዎቹ ፔዳ (የድሮው የመምህራን ኮሌጅ ግቢ) የተማረ ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሐይቁ ውስጥ እየዋኙ እንደተመረቁ፣ አንድም ሰው እንዳልታመመባቸው፣ ጉማሬውም ከሰው ይልቅ ሣር እንደሚወድ ጻፈ። ሰው በፍርሃት ከተማ አያበላሽ ባይ ነው።

5ኛዋ የጤና ባለሙያ ነች፤ በእርጋታ አረመችው። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ሰው ሲዋኝ አይታወቀውም። ሆድና ጉበት ላይ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጓደኞቹ አልታመሙም የሚባለው ማን መርምሯቸው ነው ብላ ጠየቀች። ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል አለ፣ ይድናል፤ ግን ያልተመረመረ ሰው መታመሙን አያውቅም። ወባንም አነሳች። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይበረታል። ለሕፃን አጎበር የግድ ነው አለች። 4ኛው በ6ኛው መልስ ተመልሶ መጣና ዶክተርዬ እያለ ሊያሾፍባት ሞከረ። ማንም አላጀበውም።

7ኛው የሐዋሳ ሰው ነበር፤ መቼም የሐይቅ ወሬ ተነስቶ የሐዋሳ ሰው ዝም አይልም። ዳርቻውን፣ የአሞራ ገደሉን የዓሣ ገበያ፣ ለአዲስ አበባ መቅረቡን ደርድሮ ጠያቂው የተሳሳተ ከተማ ላይ ጊዜውን እያባከነ ነው አለ። 8ኛው ሐዋሳ ሐይቅም ቢልሃርዚያ እንዳለበት አስታወሰው። ዋና ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ላንጋኖ ይሂድ፣ ለመኖር ከሆነ ግን ላንጋኖ ላይ ማን ይኖራል ብሎ ዘጋው።

9ኛው ፀሐያማ የሚለው ቃል ላይ ቆመ። እውነቱን ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ እኩለ ቀን ላይ ጎዳናው ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ጥላውን ነው የሚሄደው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የጎጃም ክረምት ነው፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ተቀዶ ይፈስሳል። ፀሐይ ብሎ የመጣ ሰው ሐምሌ ላይ በረንዳው ላይ ቆሞ ጎርፍ ሲቆጥር ይውላል። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው። አደይ አበባው ወጥቶ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ብሎ። በዚህ ማንም አልተከራከረም።

ከ10ኛው እስከ 14ኛው ያለው የኑሮ ወሬ ነው፤ ለጠያቂው ከሁሉም የሚጠቅመውም ይኸው ይመስለኛል። 10ኛዋ ቀበሌ 14 ተከራይታ የምትኖር ናት። ደላላ ከአዲስ አበባ መጣሁ የሚል ሰው ሲያይ ዋጋ እንደሚጨምር፣ ስለዚህ የአካባቢው ዘመድ ወይም ጓደኛ ይዞ ቤት ማየት እንደሚሻል መከረች። አባይ ማዶ እንደሚረክስ፣ ግን ድልድይ መሻገር እንዳለ ጠቀሰች። 11ኛው ስለ ድልድዩ አረማት። ድሮ አንዱ ጠባብ ድልድይ ላይ ባጃጅ፣ አይሱዙና በግ ተጋፍተው ነበር የሚያልፉት። አዲሱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድም አለው። የአባይ ማዶ ሰው ከእንግዲህ አያለቅስም አለ። እኔ የዚያ ማዶ ሰው እንደመሆኔ ስለሌሎች ልቅሶዎቻችን ዝም ብዬ አለፍኩት።

12ኛዋ የቧንቧ ውሃ ይጠፋል አለች። አንዱ ሳቀባት፤ ጣናን የሚያክል ውሃ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዴት ውሃ ይጠፋል ብሎ። 13ኛው አስረዳው። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከምንጭና ከጉድጓድ ነው፣ ከሐይቁ አይደለም። ሐይቁ ጥልቀቱ ትልቁ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ቡናማ ያደርገዋል። እሱን አጣርቶ ለመጠጥ ማድረስ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቤት ስትከራይ ታንከር መኖሩን እይ።

14ኛው አጭር ነበር። ከቤቱ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ስለ አሸዋ ከመጠየቁ በፊት ስለ ኢንተርኔት አይጠይቅም ወይ አለ። በክልሉ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ጠፍቶ እንደነበር አስታወሰ፤ መብራትም ይሄዳል። የገመድ መስመር ያለው ቤት ይፈልግ፣ ባትሪም ይግዛ። ከዚህ በኋላ አንዱ ወደ ፖለቲካው ሊገባ ሲል አስተባባሪው መልሱን አነሳው። በክሩ ላይ 15 ቁጥር ጎድሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

16ኛው ላይ አንድ አባት መጡ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኛ ናቸው። ከዚህ ጀምሮ ሁሉም ጋሼ ነው ያላቸው፤ ቅድም ሲሳደብ የነበረው ሳይቀር። የጻፉት ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ነጥብ የለውም፤ ግን ልጥቀሰው ካልኩት በላይ ነገር አለበት። ባሕር ዳር ዛሬ የምናያትን ቅርጽ የያዘችው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ መንደር ነበረች። ፋብሪካው የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። የከተማዋን ማስተር ፕላን ጀርመኖች አወጡ። ጎብኚ ዛሬ ፎቶ የሚነሳበት ሰፊ ጎዳና የዚያ ፕላን ልጅ ነው፤ ያኔ ግን ስፋቱን ያየ ሰው ለማን ነው ይህ ሁሉ መንገድ ብሎ ይስቅ ነበር አሉ። የፋብሪካው ፈረቃ ሲለቀቅ ጎዳናውን የሚሞላው ብስክሌት ነበር። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ የሆነችው ለቱሪስት ብላ አይደለም፤ ሠራተኛው ከሥራ ወደ ቤቱ ስለሚመላለስበት ነው። ጠያቂውንም እንዲህ መከሩት፦ ከተማዋን የሠራት ሥራ ነው፣ አንተም ሥራህን ይዘህ ና፤ ሐይቁ ለዓይን ነው፣ ሆድ አይሞላም።

17ኛው ጋሼ ያሉትን አመስግኖ፣ ፖሊና ፔዳ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ደግሞ ከተማዋን የሚሠራት ተማሪ ነው ብሎ ጨመረ። ካፌው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ኪራዩ ሁሉ የተማሪውን አቆጣጠር ነው የሚከተለው። ክረምት ላይ ተማሪው ሲወጣ ቤት ለመከራየት ይሻላል አለ። ብልህ ምክር ነው፤ ማንም ግን ልብ አላለውም፣ ምክንያቱም 18ኛዋ የጢስ አባይን ፏፏቴ አነሳች።

ከዚያማ ተያያዙት። 18ኛዋ ልትጎበኝ መጥታ የተበሳጨች ነች። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በኮረኮንች ተንገጫግጫ ሄዳ፣ ከፍላ ገብታ፣ ገደሉ ላይ ያየችው ቀጭን የውሃ ክር ነበር። ብር ላይ የታተመው ፏፏቴ የታል ብላ ጠየቀች። 19ኛው ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ነው አላት። 20ኛው ከእሱ በላይ አስፍቶ ተረከ። የመጀመሪያው የጢስ አባይ ማመንጫ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አለ፤ የሚወስደው ውሃ ግን ያን ያህል አልነበረም። አባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ማመንጫ ሲጨመር ገደሉ ደረቀ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሥራ ጀመረ፤ እሱ ውሃውን በሌላ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ፏፏቴው የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ፣ ሐይቁ ሲሞላ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት የሄደ ሰው ጢሱን ከሩቅ ያየዋል፣ ልብሱም ይረጥባል። የካቲት ላይ የሄደ ግን የገደሉን ድንጋይ ነው የሚያየው። 21ኛዋ አስጎብኚ ነኝ ያለችው በየካቲትም ቢሆን ጉዞው ከንቱ አይደለም አለች። በእግር ሲወረድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ፣ ፖርቹጋሎች ድልድይ የሚሉት፤ አባይ እዚያ ጋ በጠባብ ገደል ውስጥ ሲያገሣ መስማት ከፏፏቴው አያንስም ብላ ተሟገተች። 18ኛዋ ግን የኮረኮንቹን ነገር አልረሳችም።

22ኛው ላይ እምቦጭ ተነሳ። አንድ ሰው ሐይቁ በአረም ተሸፍኗል፣ ባሕር ዳር ሂደህ ምን ልታይ ነው ብሎ ጻፈ። 23ኛው አረመው፦ እምቦጩ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታውቆ ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው በአብዛኛው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ ነው፤ ከባሕር ዳር ሆቴል በረንዳ ላይ ቆሞ የሚታይ አይደለም። በእጅ ሊነቅል ከየቦታው የተመመው ሕዝብም ወደዚያው ነበር የሚሄደው። ይህን ሲል ግን ሳያስበው የጎንደር በኩል የሚል ቃል ወረወረ። 24ኛው ጎንደሬ ነው። አረሙ ሲሆን የጎንደር፣ ፀሐይ መጥለቂያው ሲሆን የጎጃም፣ እንዴት ነው ነገሩ ብሎ ገባ። ጎርጎራን ያላየ ሰው ጣናን አየሁ አይበል አለ። 25ኛው ጎጃሜ መለሰለት፣ 26ኛው መለሰ፣ ገዳማቱን መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ዳጋ እስጢፋኖስን ሲያነሳ ሌላው ክብራን ገብርኤልን። ደግነቱ ቧልቱ ክፉ አልነበረም። ቦታውን የማያውቅ ሰው ጠብ ይመስለው ነበር፤ ለእኛ ግን አማቾቻችን ናቸው።

27ኛዋ አንዲት እናት ናት፤ ገዳማቱ ሲነሱ ሴት ይገባል ወይ ብላ ጠየቀች። 28ኛዋ አስጎብኚዋ (21ኛዋ) ለይታ ነገረቻት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ያሉት እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ያስገባሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ከሁሉም ይበልጣል። ለልጅ የሚሆነው ዘጌ ነው፦ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ጫካ ውስጥ የእግር መንገድ፣ ጦጣ፣ ጥላ። ጀልባ የሚያዘው ጠዋት ነው አለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፤ ያልለመደ ሰው ቁርሱን ያወጣል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት፣ መመለሻውንም ጨምሮ፣ ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ነው። ይህን የመጨረሻውን ሁላችንም ደገፍን። አንድ ጊዜ የአጎቴን ልጅ ይዤ ሄጄ መመለሻው ሌላ ሒሳብ ነው ተብለን ወደብ ላይ ተጨቃጭቀናል፤ የማን ጀልባ እንደነበረ መናገር አያስፈልግም።

29ኛው ዓሣ የት ይበላል ብሎ ጠየቀ። ምስኪን፣ ምን እንደሚያስነሳ አላወቀም። 30ኛው ቀረሶ ጥብስ ይሻላል አለ፣ አምባዛ በጉላሽ። ሌላው ነጭ ዓሣን አነሳ። ከዚያ አንዱ አሁን ዐቢይ ጾም ነው፣ ዓሣ ይጾማል አለ። ከዚያ ወዲያ ስንት መልስ እንደመጣ አልቆጥርም፤ የዓሣ ጾም ክርክር ባሕር ዳር ውስጥ ዘላለማዊ ነው። ቄሱ አይበላም ይላሉ፣ ጎረቤት ይበላል፣ ዓሣ ነጋዴው ደግሞ ገበያው የሚደራው ጾም ሲገባ መሆኑን ያውቃል። ከመካከላቸው አንድ ቁም ነገር ግን ነበረ። ነጭ ዓሣው ክረምት መውጫ ላይ ሊራባ ወደ እነ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ ያሉ ዝርያዎች በዚህ እያለቁ ነው። ጠያቂው እዚህ ላይ ቢበላ ቀረሶ ይብላ አለ ሰውየው። ለዚህኛው እኔም እጄን አወጣሁለት።

እኔ በዋናው ጉዳይ የገባሁት 36ኛ ላይ ነው። ያልኩት ይህ ነው። ስለ አሸዋው፣ ስለ ወባው፣ ስለ ኢንተርኔቱ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው የሚብሰለሰልበት ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ጋ መድረስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ያርፋል፣ መጋረጃ ሲገልጥ ጣና ፊቱ ተዘርግቷል። ነዋሪው መሀል ከተማ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው ቤቱ። በእሱና በውሃው መካከል የመሥሪያ ቤት ግቢ አለ፣ ሎጅ አለ፣ አጥር አለ፣ ዘበኛ አለ። ዳርቻው ላይ ሳይከፍሉ ቁጭ የሚባልበት ቦታ ጥቂት ነበር። ቀሪው በሻይ ወይም በቢራ ዋጋ ነው የሚታየው። ማንጎ መናፈሻ ሄደህ ለስላሳ ካላዘዝክ አስተናጋጁ ሦስቴ ይመላለስብሃል። የሚኖር ሰው ደግሞ በየቀኑ ለስላሳ እያዘዘ ሐይቅ አያይም። ሁለት ዓመት እዚህ ኖረው ጣናን ከድልድይ ላይ ካልሆነ ያላዩ ጎረቤቶች አሉኝ።

ስለዚህ ለጠያቂው እንዲህ አልኩት፦ የሐይቅ ዳር ቤት አትፈልግ፣ አቅምህ አይደለም፣ ወባውም እዚያ ነው የሚብሰው። ቤት ከመከራየትህ በፊት ግን አመሻሽ ላይ ከበሩ ተነሥተህ ወደ ሐይቁ በእግርህ ሂድ። ልጅህን ይዘህ፣ ማንም ሳያስቆምህ፣ ኪስህን ሳትነካ ውሃው ጋ ከደረስክ ቤቱን ውሰደው። አጥር ላይ ከተላተምክ ሌላ ሰፈር እይ።

37ኛው ተናደደብኝ። ጨለምተኛ ነህ አለኝ። በኮሪደር ልማቱ የሐይቁ ዳር ለእግረኛ እየተከፈተ መሆኑን፣ ሰው ማታ ማታ ቤተሰቡን ይዞ እየተንሸራሸረ መሆኑን አላየህም ወይ አለ። አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል፣ እኔም እንሸራሸራለሁ። 38ኛዋ ግን እኔ ያልደፈርኩትን ተናገረች። ስለ ዳርቻው ስትከራከሩ ከሁላችሁም በፊት ዳርቻው ላይ የነበሩትን አንዳችሁም አላነሳችሁም አለች። የነገደ ወይጦን ሰዎች ማለቷ ነው። ጣናን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳትን የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር የሚገፉትም እነሱ ናቸው። መልሷ ስለታም ነበር። ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ከዚያ 39ኛው ታንኳ ሲሠራ ያየውን ጻፈ፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል። በጥቅል በጥቅል ይታሰራል፣ ሠሪው በጉልበቱ ተጭኖ ገመዱን በጥርሱና በእጁ ይስበዋል፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቆለመማል። ሚስማር የለም፣ እንጨት የለም። አዲሷ ታንኳ ቀላል ናት፤ እያደረች ውሃ ትጠጣና ትከብዳለች። ስለዚህ ባለታንኳው ማታ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ እንድትመታት ያቆማታል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ወር አትቆይም፣ ሌላ ይሠራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዓሣ ማራገፊያው ጋ ብትሄዱ፣ ታንኳውና የሞተር ጀልባው ጎን ለጎን ቆመው፣ ልጆች በቢላ ቅርፊት ሲፍቁ፣ ፔሊካኖቹና አባ ኮዳዎቹ አንጀት ሲሻሙ ታያላችሁ አለ። ሆቴል ገንዳ አጠገብ ይህ የለም።

40ኛው የማስታወቂያ ሰው ነው፤ 200 ካሬ ቦታ አለኝ ብሎ ለጠፈ። ተባረረ።

ጠያቂው 41ኛ ላይ ተመለሰ። ሁሉንም አመሰገነ፣ ጋሼን ለብቻ። አሸዋውን ትቶታል። ሚስቱ ግን የወባውን ስታነብ ደንግጣለች፣ ስለዚህ ጠቅልሎ ከመምጣቱ በፊት ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ወር ያህል ተከራይቶ መሞከር ፈልጓል። የገመድ ኢንተርኔት ያለው ቤት፣ ታንከር ያለው፣ በእግር ሐይቁ የሚደረስበት። ያገኘው አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ብሎታል፤ ይህ እዚያ የተለመደ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 42ኛዋ፣ የቀበሌ 14ቷ ማለት ነው፣ ለሁለት ወር እንግዳ የስድስት ወር የሚጠይቅ አከራይ ሊያስገባህ አልፈለገም፣ ሌላ ፈልግ አለችው። 43ኛው ሦስት ወር ከፍሎ ቢደራደር ይሻላል ባይ ነው። 44ኛዋ የጤና ባለሙያዋ ናት፤ በተለይ ለሚስቲቱ ብላ ጻፈች። ጥቅምት ወባ ከሚበረታባቸው ወራት አንዱ ነው፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዘው ይምጡ፣ ሕፃኗ ካተኮሳት ነገ እናያለን ሳይሉ በዚያው ቀን ያስመርምሯት። 45ኛው ደግሞ ያው የፔዳው ልጅ ነው፣ ጉማሬውን የማይፈራው። ጥቅምት ላይ ከመጡ ጢስ አባይ እኔ ነኝ የምወስዳቸው፣ ኮረኮንቹንም እኔ እችለዋለሁ አለ። 18ኛዋም ትምጣ ብሎ ጨመረ። እስካሁን አልመለሰችለትም።